«አታስቢ» የሚሉኝ ሁሉ

ሰኞ

ከአሥር ስንት ነው ትለኛለች። ጉልበትሽ ዛሬ ከአሥር ስንት ነው? የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ማርክ ስሰጥ ኖሬ አሁን ለራስሽ ስጪ ተባልኩ። ሦስት አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም። እሷ ግን ጻፈችው።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር ሃና ናት። ሁለት ወር ሆነኝ ራሴን ሲያመኝ። አንገቴ ድርቅ ይላል፣ እንቅልፍ የለም፣ ከተማሪ ጋር በትንሽ በትልቁ እጣላለሁ። ደም ግፊቴን ለካችኝ፤ ከፍ ብሏል። ክኒን ትሰጠኛለች ብዬ እጄን ብዘረጋ ደብተር ሰጠችኝ። በየቀኑ አራት ነገር ጻፊ አለች፦ ምን ሆነ፣ ምን አሰብሽ፣ ምን ተሰማሽ፣ ጉልበትሽ ከአሥር ስንት ነው። በአማርኛ አድርጊው፣ ኦሮምኛዬ ገና ነው አለች። ከአዲስ አበባ ተመድባ ከመጣች ዓመት አልሞላትም።

«ዲንቄ፣ ብዙው ሕመምሽ ከአስተሳሰብሽ ነው የሚመጣው» አለችኝ። ቀስ ብላ፣ ፈገግ ብላ። በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ከአስተሳሰቤ። እሺ። ባለፈው ሳምንት ቀያሾች ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተሸክመው ታችኛው መስክ ላይ የቆሙት በኔ አስተሳሰብ ነው? አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ማስተር ፕላን ወጥቷል እየተባለ ካርታውን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው የሌለው በኔ አስተሳሰብ ነው? ቡራዩ ያለችው አክስቴ ሰበታ ላይ ተጀምሯል ትላለች፤ ሰበታ ያሉት ደግሞ ቡራዩ ተጀምሯል ይላሉ። ሁለቱም ሱሉልታ ምን አለ ብለው እኔን ይጠይቃሉ። እኔ ምን አውቄ። የቀበሌውን ሰው ብጠይቀው «ሲደርስ ይነገራችኋል» አለኝ። ሲደርስ።

ዛሬ ብቻ «አታስቢ» ያሉኝ ሰዎች፦
ሲስተር ሃና (እሷስ ሥራዋ ነው እንበል)።
ርዕሰ መምህሩ፣ ተማሪዎቹ ለምን ዝም ዝም አሉ ብዬ ስጠይቀው።
የሚኒባሱ ረዳት፣ ፊቴን አይቶ። አላውቀውም። «እናቴ፣ አታስቢ፣ ያልፋል» አለኝ። እናቱ የምሆን አይመስለኝም።
አባዬ። እሱ በቀን አራት ጊዜ ነው።

አባዬን መቼም አልቀየመውም። እሱና እኔ ብቻ ነን ቤት ውስጥ። ባለፈው ክረምት ልቡን አሞት ከብቶቹ መሀል ወድቆ ተገኘ፤ ሐኪሙ ድንገተኛ ነገር አይስማ ብሏል። ስለዚህ ስለ ቀያሾቹ እንዳይሰማ አደርጋለሁ። ወሬ ሲነሳ ሬዲዮውን እዘጋለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ቀድሜ በር ላይ እቀበላለሁ። ለዓርብ ደቦ ጠርቷል፤ የመስካችን ሣር ደርሷል፣ ታጭዶ መድረቅ አለበት። አምስት ላም ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው በዚያ ድርቆሽ ነው። ዓርብ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ምንም ሳይሰማ ይቆይልኝ። ሌላ ነገር አልለምንም።

ጉልበት፦ ሦስት ብያለሁ፣ ሦስት ይሁን።


ማክሰኞ

አየሁት። በገዛ ዓይኔ አየሁት።

ጠዋት ወተቱን ለሰብሳቢው መኪና አድርሼ በመስኩ አቋርጬ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ነው። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ አለ። ኦቦ ደገፋ በእኛና በእነሱ መስክ ድንበር ላይ ተንበርክኮ በድንጋይ ችካል ይመታል። ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል። የቀያሾቹ ችካል። አጠገቡ ሌላ ሦስት መሬት ላይ ተጋድሟል።

ሲያየኝ ብድግ አለ። በጋቢው ከለለው። «ኢንታለኮ፣ ረፈደብሽ፣ ሂጂ» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። ግን እኚህ ሰውዬ አካም ቡልቴ ብለው ስለማደሬ ሳይጠይቁ፣ የላሞቹን ደኅንነት በየስማቸው ሳይጠይቁ አሳልፈውኝ አያውቁም። ዛሬ ሂጂ ብቻ። ሄድኩ። አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም?

«እኚህ» ብዬ ጻፍኩ ለካ። አሁን አንቱ ማለት እጄ እምቢ ብሎኛል።

ደገፋ ማለት የአባዬ የድንበር ጎረቤት ነው። ከብት አብረው ጠብቀው ያደጉ፣ አርባ ዓመት የአንዱን ሣር ሌላው ሲያጭድ የኖሩ። እኔን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ጥምቀት ያሳየኝ እሱ ነው። እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን ከእኛ ቤት ያልወጣው እሱ ነው። እሱ ነው አሁን ድንበራችንን ለቀያሽ የሚያሳየው።

ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ሁለት ሦስተኛና አንድ አራተኛ ስደምር የታችኛዎቹን ቁጥሮች ደመርኳቸው። ሦስት ሰባተኛ ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አሥራ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «መምህርት፣ እንዲህ አይደመርም ብለሽን አልነበር?» አለችኝ። አጠፋሁት። 

ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት፦
አዲስ የጎማ ቦት ጫማ አድርጓል። ከየት አመጣው?
ባለፈው ሳምንት ቀበሌ ሲገባ ታይቷል። በገበያ ቀን፣ ገበያውን ትቶ።
እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰው ሁሉ ስለ መሬት ሲያወራ እሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም።
አባዬ ሲታመም ቶሎ ቶሎ ይመጣ የነበረው ሊያይ ነበር እንዴ፣ መቼ እንደሚሞት?

የመጨረሻዋን ስጽፍ አፈርኩ። ግን ስላሰብኳት ጻፍኳት፤ ጻፊ ተብዬ የለ።

በእረፍት ሰዓት ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። የስፖርት መምህሩ ገመቹ ምን ሆነሻል ሲለኝ ነገርኩት። ለአንድ ሰው ብነግር ቀለል ይለኛል ብዬ ነው። ከንፈሩን ነከሰና «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ምን ጠርጥሮ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ማወቄ ደስ አለኝ። ለሁለት ደቂቃ ያህል ቀለለኝ፣ ከዚያ ባሰብኝ።

ጉልበት፦ ሁለት።


ረቡዕ

ደገፋ ጠዋት በራችን ላይ አልፎ ሰላም አለኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ባልዲውን አነሳሁ። ቆም አለ፤ ከዚያ ሄደ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አልለኝም።

ቁርስ ላይ አባዬን «የዓርቡን ደቦ ብታስተላልፈውስ?» አልኩት።

«ለምን?»

«እንዲሁ። መንገዱም ሰሞኑን ደስ አይልም።»

«መንገዱ ምን አገባው፣ ሣሩ ያለው መንገድ ላይ አይደለም።»

«እሺ፣ ኦቦ ደገፋ ባይመጡስ? ሌላ ሰው የድንበሩን ቢያጭድስ?»

ማጉረሱን ትቶ አየኝ። የድንበሩን ሣር በሁለቱም ቤት ደቦ የሚያጭዱት ሁለቱ ሽማግሎች ናቸው። አንዱ በወዲህ አንዱ በወዲያ ሆነው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ ማጭድ ለማጭድ ሊነካካ ጥቂት ሲቀረው። ሌላ ሰው አይገባበትም። እንዲህ ስለሆነ ነው በእኛና በእነሱ መሀል የአንድ ጋት ክርክር ተነስቶ የማያውቀው። የደገፋ ሣር ከሁለት ሳምንት በፊት ሲታጨድ አባዬ በዚያ ልቡ ሄዶ የድንበሩን አጭዷል። እና አሁን የኔ ጥያቄ ለሱ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል።

«ምን ሆነሻል ዲንቄ?»

«ምንም።»

«አታስቢ» አለኝና ተነሳ። እንዲህ ሲል አንድ ነገር ልወረውር ነበር። ለሱ ልብ ብዬ እኮ ነው እኔ የምቃጠለው።

ከሰዓት ሲስተር ሃና ዘንድ። ግፊቱ ጨምሯል። ደብተሩን አላሳየኋትም፤ ግን ተጣላኋት። «መሬታችንን ይለካሉ፣ አንቺ ደግሞ የኔን ሐሳብ ትለኪያለሽ። መለኪያውን ለምን እነሱ ላይ አትይዥም? እኔን ፈገግ አስብሎ ማሳደር ነው ሥራሽ?» አልኳት። ሌላም ብያለሁ። ደጅ ወረፋ የያዙት ሁሉ ሰምተዋል።

አልተቆጣችም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፣ እንደ ወረደ ልጻፈው፦ «መሬትሽን ላስመልስልሽ አልችልም። ዝም ብለሽ ተቀበይም አላልኩሽም። አስተሳሰብሽ ስልሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው ማለቴ አይደለም፤ ተሳስቼ ተናግሬ ከሆነ ይቅርታ። ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ያየሽውን በአንድ በኩል፣ የገመትሽውን በሌላ በኩል ጻፊ። ሰውን የሚጨርሰው ሁለተኛው ነው። መጨረሻ የለውማ፤ ሌት ተቀን ይሠራል።»

እሷም ከወላጆቿ ጋር ሳምንት ሙሉ አልተገናኘችም ለካ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ መንገድ ይዘጋብኛል ብላ ፈርታ። «እናቴ በስልክ ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አወቅኩት። ሁለታችንም ሳቅን፣ እኔ ሳልፈልግ።

ጉልበት፦ ሁለት። ስንስቅ ሁለት ተኩል ነበር።


ሐሙስ

ከየት ልጀምር።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ከክፍል ወጡ። ማንም ውጡ አላላቸውም፤ ሰባተኛ ተነሳ፣ ስምንተኛ ተነሳ፣ ከዚያ ግቢው ሁሉ። መሬታችን አይሸጥም እያሉ ወደ አስፋልቱ ሄዱ። ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ። የጭነት መኪኖች እስከ መታጠፊያው ድረስ ተሰለፉ። የፖሊስ መኪና መጣ። ጥይት የሚመስል ድምፅ ሁለት ጊዜ ሰማሁ፤ ወደ ላይ ነው አሉ። የእኛ ልጆች ናቸው፣ ክፍልፋይ ያልጨረሱ ልጆች። የሚመለከተው ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ «ሲደርስ ይነገራችኋል» እያለ እነሱ አስፋልት ላይ ወጡ። ይኼን ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል። ትምህርት ቤቱ እስከማይታወቅ ቀን ተዘጋ።

አጥሩ ጥግ ላይ ገመቹ ጠራኝ። «ስለዚያ ሰውዬሽ አታስቢ» አለኝ።

«ስለየቱ?»

«ደገፋ ነዋ። ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። የመሬት ደላላ ሆኗል፣ ጠቋሚ ነው ብያለሁ። ዛሬ ወይ ነገ ክምሩን ይለኩሱለታል። ይማራል።»

 የደገፋ የድርቆሽ ክምር ከቤቱ ጀርባ ነው። ክምሩ ሲነድ ቤቱ አብሮ ነው፤ ጣሪያው ሣር ነው፣ በነፋስ በኩል ነው። አዴ ሙሉ፣ ሚስቱ፣ ወገቧን ስለምትታመም ቀኑን ሙሉ ከዚያ ቤት አትወጣም።

«እኔ እንዲህ አላልኩም» አልኩት።

«ምን ነበር ያልሽው ታዲያ?» አለ። 

ቤት ደርሼ ይህን ደብተር አወጣሁ። በእልህ ነው፣ ሃና ትክክል እንዳልሆነች ላሳያት። መሀሉን በመስመር ከፈልኩት።

ያየሁት፦ ኦቦ ደገፋ ችካል ሲመታ። ሌላ ሦስት ችካል መሬት ላይ።

የገመትኩት፦ ... ገጹ አለቀ። አገላበጥኩት፣ የጀርባውም አለቀ። ቦት ጫማው፣ ቀበሌው፣ ዝምታው፣ የአባዬ ልብ። ያየሁት አንድ መስመር ተኩል ነው። ለገመቹ የነገርኩት ግን ሁለቱን ገጽ ነው። እንዳየሁት አድርጌ።

ተነስቼ ሄድኩ። ኦቦ ደገፋ በረት ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ሰላምም አላልኳቸውም። «ማክሰኞ ምን ነበር የሚቸክሉት?» አልኳቸው።

መጥረጊያውን አስቀመጡ። ወደ መስኩ ወሰዱኝ፣ ወደ እኛው መስክ። አባዬ በየጠዋቱ ላሞቹን ይዞ በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ ሣሩ መሀል፣ አራት ጉድጓድ አለ። ትኩስ አፈር ሞልተውባቸዋል፣ በላዩ ሣር አልብሰዋል። ካላሳዩኝ አላየውም ነበር።

«ሰኞ ማታ ነው ያየሁት» አሉ። «መሀል ለመሀል አልፈውበታል፤ መስኩን ለሁለት ከፍለውታል። አባትሽ በማግሥቱ ጠዋት ላሞቹን ይዞ ሲመጣ ሊያየው ነበር። ልቡን ታውቂዋለሽ። ነቅዬ ብጥለው ደግሞ መጥተው ይቆጥራሉ፣ ጎደለ ብለው እሱኑ ያስሩታል። ስለዚህ ወደ ድንበሩ፣ ወደ እኔ በኩል አመጣሁት። ቁጥሩ አይጎድልም። ሣሩን አጭዶ እስኪጨርስ ነው። ከዓርብ በኋላ ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ቀበሌስ ምን ሊያደርጉ ገቡ?»

«ማን ጋ ነው አቤት የሚባለው ብዬ ልጠይቅ። ሲደርስ ይነገራችኋል አሉኝ።»

ቦት ጫማውን አልጠየቅኩም። ይበቃኛል።

ከዚያ ያደረግኩትን ነገርኳቸው። ቆሜ፣ መሬት መሬት እያየሁ። 

«ለስንት ሰው ነገርሽ?»

«ለአንድ።»

«በዚህ ሰሞን ለአንድ ሰው መንገር የሚባል ነገር አለ እንዴ፣ ዲንቄ?» አሉ። ኢንታለኮ አላሉኝም። አዴ ሙሉ በር ላይ ሆና ሰምታ ኖሮ ፊቷን አዞረችብኝ። ልክ ናት።

ገመቹን ከተማ ድረስ በእግሬ ሄጄ ፈለግኩት፤ ሚኒባስ የለም። ስነግረው እሱም በኔ ተናደደ። «አንቺ ነሽ በዓይኔ አየሁ ያልሽው። አሁን ሄጄ ውሸት ነበር ብል ማን ያምነኛል? ራስሽ ንገሪያቸው።» ኳስ ሜዳው ላይ ተሰብስበዋል። ሠላሳ ይሆናሉ፣ ግማሾቹ ያስተማርኳቸው። ክብሪት የያዘ ይኑር አይኑር አላውቅም፣ ለማየትም አልፈለግኩም።

በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ኦቦ ደገፋ አልሸጡንም፣ ችካሉን ከአባቴ መስክ ነቅለው ወደ ራሳቸው ነው የወሰዱት፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ያላየሁትን አየሁ ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ። አንድ ሰው ላይ እጃችሁን ብታነሱ መጀመሪያ እኔ ቤት ኑ አልኩ።  ማክሰኞ ድምሩን ያረመችኝ ልጅ አለች መሀላቸው። «መምህርት፣ ታዲያ ለምን አልሽ?» አለችኝ።

«ተናድጄ ነበር። ንዴቴ እውነት ስለሆነ ያሰብኩት ሁሉ እውነት መሰለኝ» አልኳት።

ገባቸው አልገባቸው አላውቅም። ሁሉም እዚያ አልነበሩም። ሌላ ቦታ ሌላ ቡድን ካለስ? ይኸው፣ እንደገና ጀመርኩ። ይኼ የገመትኩት ነው።

ጉልበት፦ አልጽፍም ዛሬ። ቁጥር የለውም።


ዓርብ

ክምሩ አለ። ጎህ ሲቀድ ከአልጋዬ ወርጄ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። በመንገዱ በኩል አጥራቸው ላይ ሁለት ድንጋይ ተወርውሯል፣ አንድ እንጨት ተሰብሯል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ከኳስ ሜዳው በፊት ይሁን በኋላ አላውቅም።

አባዬ ማጭዱን እየሳለ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ያለው ይቅር፣ ከሌላ ሰው ቢሰማ የባሰ ነው ብዬ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። «አባዬ፣ አትደንግጥ። መስካችን ላይ ችካል ተተክሎ ነበር።»

መሳሉን አላቆመም። «አራት» አለ።

«ምን?»

«አራት ነበር። እሑድ ማታ ከብት ስመልስ ነው ያየሁት።»

እሱ እሑድ አይቷል። እኔ ሬዲዮ ስዘጋ፣ እንግዳ በር ላይ ስቀበል፣ እሱ አይቶ ጨርሷል።

«ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ከበረቱ በር ላይ ሆኜ ደገፋን አየሁት» አለ። «ተንበርክኮ ወደ ድንበሩ ሲቸክለው። አንቺ መጣሽና ከለለው።»

«እና ምን አልክ? ምን አሰብክ?»

የጠየቅኩት ጥያቄ አልገባውም። «ምን እላለሁ። እኔ እንዳላየው ብሎ ነው። ልቤን ፈርቶ። ይህን ያህል ደክሞ የደበቀውን አይቻለሁ ብዬ ብነግረው ያዝናል ብዬ ዝም አልኩ።»

እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ አንድ ሰው ተንበርክኮ። እኔ ከታች በኩል አየሁት፣ አባዬ ከላይ በኩል። ለሱ ማስረጃ አላስፈለገውም። አርባ ዓመት ድንበር አብሮ ያጨደ ሰው ነዋ።

ተናደድኩ። በሱም ተናደድኩ። «ለምን አልነገርከኝም? ሦስት ቀን ራሴ ሲፈነዳ እያየህ!»

«እንዳታስቢ ብዬ» አለ።

ሁሉንም ነገርኩት፣ ገመቹን፣ ክምሩን፣ ኳስ ሜዳውን። ማጭዱን መሬት ላይ አኖረው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ልቡ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ልቡ አልነበረም። «ደገፋን?» አለ። ይህን ብቻ። ሊቀጣኝ ቢፈልግ ከዚህ የባሰ አያገኝም ነበር። ከዚያ ተነስቶ ኦቦ ደገፋን ራሱ ሊጠራቸው ሄደ፤ በየቀኑ የሚመላለስበት መንገድ ዛሬ ረዘመበት።

ደቦው ላይ ሃያ ሰው ጠብቀን ዘጠኝ መጣ፤ መንገዱ አልተከፈተም። ጾም ስለሆነ ሽሮና ባቄላ ነው ያቀረብኩት፣ ጠላው ተረፈ። ኦቦ ደገፋ አሥረኛ ሆነው መጡ። አዴ ሙሉ አልመጣችም። እኔን በዓይናቸው አልፈውኝ ወደ ድንበሩ ሄዱ፤ አባዬ በወዲህ፣ እሳቸው በወዲያ።  ማጨድ ጀመሩ። አንድ ጊዜ አባዬ ሲያርፍ እሳቸውም ቆሙ፤ ሳል ይዞኛል ብለው።

አንደኛው ችካል ጋ ሲደርሱ አባዬ ቀና አለ። ያን ቀይ ጫፍ አየው፤ ኦቦ ደገፋ ደግሞ እሱን አዩት።  አባዬ ካፖርቱን አወለቀና ችካሉ ላይ ሰቀለው።

«ይኸው፣ ለአንድ ነገር ጠቀመ» አለ።

ኦቦ ደገፋ ሳቁ። ጥርስ የሌለው ሳቃቸውን ከነሐሴ ወዲህ አልሰማሁትም። ጋቢያቸውን አጥፈው ሁለተኛው ላይ አኖሩት። እስከ ማታ ድረስ የመንግሥት ችካል ልብስ መስቀያ ሆኖ ዋለ።


ቅዳሜ

ሣሩ ተዘርግቷል፣ ይደርቃል። ሰማዩ ጥሩ ነው። መዳፌ ሁለት ቦታ ላይ ውኃ ቋጥሯል፤ ትናንት ከሰዓት ሰው ሲያንስ እኔም ማጭድ ይዤ ነበር።

ሌሊቱን ተኛሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ምንም አልተፈታም እኮ። ቀያሾቹ ሰኞ ይምጡ አይምጡ የሚያውቅ የለም። ትምህርት ቤቱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ሬዲዮው ዕቅዱ ለሕዝቡ ጥቅም ነው ይላል፤ ዛሬ አልዘጋሁትም፣ ከአባዬ ጋር ቁጭ ብለን ሰማነው፣ አብረን ተበሳጨን። እሱ አንድ ጊዜ ሰደበ፣ ልቡም ምንም አልሆነም። ኦቦ ደገፋም መጥተው ነበር። ሦስታችን ማን ጋ አቤት እንበል እያልን ብዙ ተከራከርን። ማመልከቻውን በአማርኛም በኦሮምኛም እኔ ልጽፍ ነው። ቀያሾቹ ሲመጡ ችካሎቹን ማን አዛወረ ቢሉ ሦስታችንም ነን እንላለን።

አባዬን አንድ ነገር አስማልኩት፦ ከዛሬ ጀምሮ አታስቢ አይለኝም። «ታዲያ ምን ልበልሽ?» አለ። «ምን እያሰብሽ ነው በለኝ» አልኩት። ከሰዓት ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። እንደ ታዘዘ ሰው፣ እያፈረ።

ለሲስተር ሃና ደብተሩን ሰኞ አሳያታለሁ። የሰኞውን ገጽ ሳይቀር፣ የሰደብኳትንም።

አዴ ሙሉ ገና አላናገረችኝም። ጠዋት ወተት ይዤላት ሄጄ ነበር፤ ማሰሮውን ተቀበለችኝና በሩን መለሰችው። ማሰሮውን ግን ተቀበለችኝ። ነገም እሄዳለሁ።

ጉልበት፦ ከአሥር ስድስት። ንዴቱ አልበረደልኝም፣ እንዲያውም ጨምሯል። አሁን ግን ንዴቴን የጻፍኩት «ያየሁት» በሚለው በኩል ነው።